የሚስ ኦዴሳ ስልክ

ይድረስ ከእናታችን ባልተናነሰ ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእታለም ሉባባ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ክረምቱ ሲወጣ ቁርጥማቱም አብሮ ይወጣል ብለሽኝ ነበር፤ ወጣልሽ ወይስ እሱም እንደ ዘንድሮው ዝናብ አልሄድም አለ? ሱቁ እንዴት ነው? ኡሳማ ትምህርት ጀመረ? አርዋስ የፊት ጥርሷን ነቀለች ወይስ አሁንም በምላሷ ስታነቃንቀው ነው የምትውለው? የረመዷኑ ጾም እንዴት ሆነላችሁ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። በአካሌ ብዬ መለየቴን መቼም አንቺ አታልፊውም፤ ሌላውን ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

እማዬን ሳልጠይቅ ማለፌ ረስቼ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። ከሰኔ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ስለዚህ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ግን ጥያቄዬ እንዲገባሽ መጀመሪያ እዚህ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽ። ረዘመ ብለሽ አትዝለዪው። የሱቁን በር መለስ አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። ወንድማችን ዓብዱልወሃብ ምን ጻፈች ካለሽ የሴት ጉዳይ ነው በይው፤ ከዚያ በኋላ አይጠይቅሽም። የሚያደርስልሽ ታፈሰ ይባላል፤ ከእኔ ጋር ሆቴል የሚሠራ የደሴ ልጅ ነው፣ አባቱን ሊጠይቅ ለሁለት ሳምንት እየመጣ ነው። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። በስልክ ያልጠየቅኩሽ፣ በደወልኩ ቁጥር አጠገብሽ ሰው ስላለ ነው።

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን አይክ የሚባል ማዕበል የቴክሳስን ባሕር ዳር መታው። እዚህ ለማዕበል እንደ ሕፃን ልጅ ስም ያወጡለታል። ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው፣ በመኪና አምስት ሰዓት ያስኬዳል። ስለዚህ ወደ እኛ የመጣው መጀመሪያ ትንሽ ነፋስና ዝናብ፣ ከዚያ ሰው ነው። በአውቶቡስ የመጣ አለ፣ በጭነት መኪና የመጣ አለ፣ ውሻውን ታቅፎ የመጣ አለ። ገንዘብ ያለው እኛ ሆቴል አረፈ፤ አልጋ ላነጥፍ ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ፣ ውሃ ከዋጠው ሰፈር መሐል የራሱን ጣሪያ ሲፈልግ አገኘው ነበር። የሌለው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተኛ።

የሺሐረግን በፎቶ ታውቂያታለሽ። ኧርቪንግ ውስጥ ከእኔ ቤት በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ የሆቴላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራው የሸዋ ልጅ ናት። እሁድ ዕለት መጥታ፣ እዚህ አጠገባችን ያለው ቸርች ቮለንቲር ይፈልጋል፣ ከሥራ በኋላ ለምን አንሄድም አለችኝ። ጾመኛ ነኝ እኮ ብላት፣ ሶ? ጾም እጅ ያስራል እንዴ? አለችኝ። እሷ የኪዳነምሕረት ማኅበርተኛ፣ እኔ የወሎ እስላም፣ ሁለታችን ተያይዘን የጴንጤዎች አዳራሽ ደጃፍ ላይ ስንቆም ሳቃችን መጣ። በር ላይ ያለችው ሴትዮ ስሜን በወረቀት ጽፋ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። ሻሼን አየችው፤ የጠየቀችኝ ግን ከባድ ዕቃ ማንሳት እችል እንደሆነ ብቻ ነው።

አዳራሹ ለወትሮው የልጆች ኳስ መጫወቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር ታጣፊ አልጋ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ አልጋ ቁጥር አለው። እኔን ያስቀመጡኝ የስልክ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዉ ከቤቱ ሲወጣ ብዙው ይዞ የወጣው ስልኩን ብቻ ነበርና፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያው ሁሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተሰብስቦ፣ ስልኩ የባለቤቱ ስምና የአልጋ ቁጥር ተለጥፎበት እዚያ ይሞላል። ሥራዬ እነሱን መጠበቅ ነው። አንዱ ከጮኸ ቁጥሩን አይቼ፣ ነቅዬ፣ እየሮጥኩ ለባለቤቱ ማድረስ። ሌላ ሕግ የለውም። አንቺ አለቃዋ የምትይኝ ሴትዮ፣ ባንድ ቀን ውስጥ ገመዱን በወጉ አስሬ፣ ስልኩን በቁጥር ደርድሬ፣ ጠረጴዛውን የራሴ አደረግኩት። ሰዎቹም፣ የስልኩን ነገር ያለ እሷ የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ጀመሩ። ይህ ደስ አለኝ። የነገሩ መጀመሪያ ይኸው ደስታዬ ይመስለኛል።

አርባ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ሚስ ኦዴሳ ነበሩ። ጋልቬስተን ከምትባል የደሴት ከተማ የመጡ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሆናቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እግራቸው አብጦ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። ልባቸውም ደካማ ነው፣ መድኃኒታቸው አንድ ፌስታል ይሞላል። ሬይ የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው፤ እሳቸውን አውቶቡስ ላይ አስቀምጦ እሱ ቀረ። ጎረቤታቸው የሆነ አንድ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ከቤቴ አልወጣም ስላለ፣ ብቻውን አልተወውም ብሎ ነው አሉ። ካርላ የምትባል ሴት ልጃቸው ሂውስተን ትኖራለች። ከማዕበሉ ቀን ጀምሮ የሬይ ስልክ አይሠራም። ሚስ ኦዴሳ በቀን አሥር ጊዜ ወንበራቸውን እየገፉ ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣሉ፤ ስልካቸውን በዓይናቸው አይተው፣ ቤቢ፣ የደወለ አለ? ብለው ይመለሳሉ። እዚህ አሮጊቶች የማያውቁትን ሰው ሁሉ ቤቢ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ለእኔ ብቻ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምነግርሽ ነገር እማዬ ብትሰማው ደስ የሚላት ነው። በየረመዷኑ ስትደውይልኝ ስልኩን ከእጅሽ ነጥቃ፣ በባሕር ማዶ የሚሰማው በጩኸት ብቻ ይመስል፣ ራዚያ! በሰው አገር ማን ያስፈጥርሻል? የምትለው ትዝ ይልሻል? ዘንድሮ ያስፈጠሩኝ ሚስ ኦዴሳ ናቸው። ምግብ ሲታደል አንድ ጉርሻ አለመቅመሴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳቸው አንድ ብርቱካንና አንድ የተቀቀለ እንቁላል በናፕኪን ጠቅልለው ያስቀምጡልኛል። አዳራሹ መስኮት የለውም። በር አጠገብ የተኛውን ሰውዬ ፀሐይዋን ጠባቂ አድርገው ሾሙት፤ እሱ የመኪና ማቆሚያው መብራት በራ ብሎ ሲጮህ፣ በይ ቤቢ፣ አሁን ብዪ ይሉኛል። እኔ ሳልቀመጥ እራታቸውን አይነኩም ነበር። ጾምሽን አላውቀውም፣ ሰው ብቻውን ሲበላ ግን አልወድም አሉኝ።

መስከረም ስምንት ቀን፣ ሐሙስ፣ በእናንተ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ የአርባ አንድ ቁጥር ስልክ ጮኸ። ሚስ ኦዴሳ ገላ ለመታጠብ ሰልፍ ይዘው ነበር። እንዳያመልጠኝ፣ እኔ ከሌለሁ አንሺልኝ ብለው ስለነበር አነሳሁት። ካርላ ናት። ድምጿ ተቆራርጧል። ሬይ ከወደቀ ግድግዳ ሥር እንደተገኘ፣ ሂውስተን ሆስፒታል እንዳስገቡት፣ ማንነቱ የታወቀው ገና ያን ቀን እንደሆነ፣ በጣም እንደተጎዳና ሐኪሞቹ ተስፋ እንዳልሰጧት ነገረችኝ። እናቴን ቶሎ አገናኚኝ አለችኝ። ሻወር ላይ ናቸው፣ እነግራቸዋለሁ አልኳት። አሁኑኑ ይደውሉልኝ ብላ ዘጋች።

እታለም፣ አንቺ እኔን ብትሆኚ ምን ትሰሚ ነበር? እኔ የሰማሁት የእኛን አገር ስልክ ነው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ቤትሽ ይመጣል። ስለዚህ በልቤ ሬይ አለቀለት አልኩ። ባያልቅለትም የሚያልቅለት ነው አልኩ። ታዲያ ይህን ወሬ እርጥብ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ከሻወር ለሚወጡ፣ ምሳቸውን በቅጡ ላልበሉ፣ ልባቸው ለሚደክም፣ አንድ ዘመድ አጠገባቸው ለሌለ አሮጊት እንዴት ብዬ ልወርውርባቸው? ነውር መሰለኝ። ጭካኔ መሰለኝ።

ከሻወር እየሳቁ መጡ፤ ውሃው ሙቅ ነበር አሉኝ። ቤቢ፣ የደወለ አለ? አሉኝ። ማንም አልደወለም አልኳቸው። ይህን ያልኩት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው። ወዲያው ካርላ መልሳ ብትደውልስ ብዬ ፈራሁ። ወንበራቸውን ገፍተው እስኪርቁ ጠብቄ ስልካቸውን አጠፋሁትና ከሌሎቹ ሥር ከተትኩት።

ለየሺሐረግ ስነግራት ያደረግኩትን አደነቀችልኝ። ኖ ኖ፣ አሁን ብቻቸውን እንዴት ይነገራቸዋል? ነገ በጠዋት ሰው ይዘን እንምጣና በወጉ እናርዳቸው፣ ጋሽ ሙሉጌታን ኮል አደርጋቸዋለሁ አለችኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እዚህ ኧርቪንግ ሐበሻ መርዶ ሲረዳ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። እኔም ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። ፓስተሩ ከጠረጴዛዬ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። ነርስ ነበረች። ለሁለቱም መንገር በሐሳባችን አልመጣም። እኛ የምናውቀውን እነሱ አያውቁትም ብለን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

ያን ዕለት መብራቱ ሲበራ ሚስ ኦዴሳ እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ። ስልኬ ሞላ ወይ አሉኝ። እየሞላ ነው፣ የጋልቬስተን መስመር ግን ገና አልተጠገነም አልኳቸው። አመኑኝ። እንቁላሉን ልጠው ሰጡኝ፤ በላሁት። ስለ ሬይ አወሩልኝ፤ ልጅ ሳለ ነጎድጓድ ሲፈራ አልጋቸው ሥር ገብቶ፣ እማማ፣ እዚያ ነሽ? እያለ ይጠራቸው እንደነበር ነገሩኝ። እዚህ ነኝ ስለው ይተኛ ነበር አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፣ እታለም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።

ዓርብ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደረስን። የሺሐረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጋሽ ሙሉጌታ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔ የውሃ ኮዳና ብርድ ልብስ ይዣለሁ። የእኛ ሰው ቢሆን ገና ከበሩ ሲያየን አውቆ ይጮህ ነበር፤ ሚስ ኦዴሳ ግን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፈገግ አሉና፣ ዛሬ በዓላችሁ ነው እንዴ፣ እንዴት አምሮባችኋል! አሉን። ጋሽ ሙሉጌታ በዚያች በእንግሊዝኛቸው ሁላችንም መንገደኞች ነን፣ እግዜር የሰጠውን ይወስዳል እያሉ ጀመሩ። ሚስ ኦዴሳ ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። ቤቢ፣ ሰውዬው የሚሉት ምንድን ነው? አሉኝ። ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ካርላ ደውላለች፣ ሬይ ተገኝቷል፣ አላህ ያጽናዎት አልኳቸው።

አልጮሁም። የጠየቁኝ መቼ ደወለች ብለው ነው። ትናንት አሥር ሰዓት አልኩ። ስልኬን አምጪ አሉኝ። ሄጄ ከሥር አውጥቼ ከፈትኩት። እኔ ያዝኩላቸው፤ አራት የተቀዳ መልእክት ነበረው፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ሁላችንም ሰማነው። በመጀመሪያው ካርላ፣ እማማ፣ ነቅቷል፣ አንቺን እየጠየቀ ነው፣ ቶሎ ደውዪ ትላለች። በሁለተኛው ለምን ስልክሽ ተዘጋ፣ የት እንዳሳደሩሽ እንኳ አላውቅም ትላለች። በሦስተኛው ካርላ አይደለችም። ስልኩን ጆሮው ሥር ይዛለት ነው፤ የሚሰማው ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ የሰውዬው ድምፅ እማማ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እማማ፣ እዚያ ነሽ? ይላል። አራተኛው የተቀዳው ሊነጋጋ ሲል፣ እኛ ከመድረሳችን አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ካርላ፣ እማማ፣ አሁን መቸኮል የለብሽም ትላለች።

እንግዲህ ሬይ ሐሙስ ቀን በሕይወት ነበር። እኔ ሞተ ብዬ ያለቀስኩለት ሰው እናቱን እየጠራ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ኮፍያቸውን እያሻሹ በአማርኛ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ሞቷል ብለሽኝ ነው የመጣሁት አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማንም ሞቷል ሳይለኝ ሞቷል ብዬ ነው የጠራኋቸው።

ሚስ ኦዴሳ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ደግ እንዳሰብሽልኝ አውቃለሁ አሉኝ። ግን ይሄ የእኔ ነበር፣ ቤቢ። ክፉም ቢሆን የእኔ ነበር አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሺሐረግ ውጭ ወጥታ፣ አስበን እኮ ነው፣ አስበን እኮ ነው እያለች ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ እንባ እንኳ አልወጣልኝም። ፓስተሩ መጥቶ አቀፋቸው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ያለችው ሴትዮ ድምጿን ሳታነሳ፣ ካሁን በኋላ የስልክ ጠረጴዛውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ አንቺ ልብስ መለየቱ ላይ ሁኚ አለችኝ። እሺ አልኩ። የልጅ ከልጅ፣ የአዋቂ ከአዋቂ ስለይ ዋልኩ።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ለቀብር ወደ ሂውስተን ሊወስዷቸው መጡ። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ ከልብሱ ክምር ኋላ ቆሜ ነበር። መኪናው ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ግን በጣታቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። መስኮቱን አወረዱና፣ እናትሽ በሕይወት አለች? አሉኝ። አለች አልኩ። በምን አወቅሽ? አሉኝ። ቤት ስደውል ደህና ናት ይሉኛል አልኩ። እነሱ እንደዚያ ይሉሻል፣ ራሷ ያለችሽ መቼ ነው? አሉኝ። ሰኔ ላይ አልኩ። ሰኔ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት። ከቦርሳቸው በናፕኪን የተጠቀለለ ብርቱካን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና መኪናው ሄደ። የዚያን ቀን በእሷ አፈጠርኩ።

ከዚያ ወዲህ የደወልኩባቸውን ቀኖች እያስታወስኩ ነው የማድረው። ሐምሌ ላይ ሁለቴ ደወልኩ፤ አንዴ ሐይቅ ለቅሶ ሄዳለች አላችሁኝ፣ አንዴ ትንሽ አሟት ተኝታለች። ነሐሴ ላይ ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል አላችሁኝ። ረመዷን ሲገባ ሶላት ላይ ናት አላችሁኝ፤ ሶላቷን እስክትጨርስ ልጠብቅ ስላችሁ ካርዱ ያልቅብሻል ብሎ ዓብዱልወሃብ ዘጋብኝ። የዒድ ዕለትስ? ሰው ቤት ሄዳለች አላችሁኝ። እታለም፣ እማዬ ናት በዒድ ሰው ቤት የምትሄደው? ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል እንጂ እሷ በዚያ ቀን ከደጃፏ ወጥታ ታውቃለች? ጎረቤታችን እትዬ እማዋይሽ እንኳ ከክርስቲያን ቤት የዒድ ሰላምታ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ዘንድ ነው። ያን ቀን ስልኩን ለእትዬ እማዋይሽ ስጡልኝ ስላችሁ ወስዳ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ አይዞሽ አለችኝና መለሰችው። ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የምትለኝ?

ሐምሌ ላይ መነጽር ልኬላት ነበር። ዓብዱልወሃብ ልክ ሆኖላታል፣ ወዳዋለች አለኝ። ለአባባም ጋቢ መላኬን ታስታውሻለሽ። አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ቤት ስሠራ በመጀመሪያ ደመወዜ ገዝቼ ነው። ያኔም ወዶታል፣ ለጁምዓ ይለብሰዋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጋቢው ሲደርስ አባባ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ ቆይቼ አንድ ማለዳ ሰዎች በሬን አንኳኩ። ያኔ አልተቀየምኳችሁም። ወግ ነው፣ ስለሚወዱኝ ነው ብዬ ተቀበልኩት። አሁንም ስለምትወዱኝ መሆኑን አላጣሁትም። እኔም ሚስ ኦዴሳን ወድጃቸው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፣ እህቴ። እማዬ አለች? ካለችና እውነት ታማ ከሆነ፣ መናገር ባትችልም እንኳ ስልኩን ጆሮዋ ሥር ያዢልኝ። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ትንፋሿን ብታሰማኝ ይበቃኛል። እዚያ ነሽ? ብትለኝ እዚህ ነኝ ልበላት። አንድ ቀን አትጠብቂ፣ ሥራ ላይ ብሆን፣ ብቻዬን ብሆን፣ ሳልበላ ብሆን ግድ የለም፣ ደውዪልኝ። አልፋም ከሆነ ቀኑን ጻፊልኝ። ማን እንዳጠባት፣ ከአባባ ጎን አስተኝታችኋት እንደሆነ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለች፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰው አትሰብስቡብኝ። አሁን ማለዳ ማለዳ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የሺሐረግና ጋሽ ሙሉጌታ መጡ እላለሁ። ከእነሱ አፍ ሳይሆን ካንቺ ልስማው። ታፈሰ ሊመለስ ሲል ሱቅሽ ብቅ ይላል፤ መልሱን በእጁ ላኪልኝ።

ለዓብዱልወሃብ ሰላምታዬን ንገሪው፤ አልተቀየምኩትም። ኡሳማን አንገቱን፣ አርዋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ከወለቀ እንዳትጥለው፣ እንድታስቀምጥልኝ ንገሪያት። እትዬ እማዋይሽንም ሰላም በይልኝ፤ አይዞሽ ያለችኝን አልረሳሁላትም። ለእማዬ የምልከውን ግን እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅኩ ለአንቺ ትቼዋለሁ። ካለች እጇን ስመሽ፣ ዘንድሮ ራዚያን ያስፈጠሯት ሚስ ኦዴሳ የሚባሉ የጋልቬስተን እናት ናቸው በያት። ከሌለችም ንገሪኝ፤ የእኔ ነው።

እህትሽ ራዚያ
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ
መስከረም 24 ቀን 2001 ዓ.ም.